የተጣበቁት ሁለት ገጾች

ልጅ ሳለሁ መንገድን በጆሮ ማየት እንደሚቻል ያስተማሩኝ የወፍጮ ቤት ሞተረኛ ነበሩ። ጋሽ ታፈሰ ይባላሉ። ካስተማሩኝ ነገር ግማሹን ብቻ ይዤ እንደኖርኩ የገባኝ ግን ዘንድሮ ነው፤ ልጄ ኢያሱ እግሩ ተሰብሮ ጓዳ ከተኛ በኋላ። ኢያሱ ሾፌር ነው። አሁን «ከእንግዲህ መሪ አልይዝም፣ እጄ አይታመንም» ይላል። እናቱ ታለቅሳለች፤ እኔ ደግሞ እጁ ምንም እንዳላጠፋ እያወቅሁ ሁለት ወር ሙሉ በጓዳው በር እያለፍኩ ወደ ማሳዬ ወጣሁ። ለምን እንዲህ እንደሆንኩ ለመናገር ከወፍጮ ቤቱ መጀመር አለብኝ።

ወፍጮ ቤቱ ከቴፒ ወጣ ብሎ ከአባቴ የቡና ማሳ በታች ነበር። ያኔ በአካባቢያችን ሌላ ወፍጮ ስላልነበረ በቆሎ ተሸክሞ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። እኔና ታላቅ እህቴ አልማዝ ከትምህርት ቤት መልስ እንላካለን፤ ተራችን ሲደርስ ቀኑ ያዘቀዝቃል፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጆሯችን ጸጥታውን ገና ሳይለምድ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። የእኛ አገር ዝናብ ክብሪት ያረጥባል፣ ጨው ያቀልጣል፣ ደብተር ያሻግታል። ዱቄት ተሸክሞ መውጣት አይታሰብምና ከሌሎች ልጆች ጋር እስኪያባራ እንቀመጣለን። ጋሽ ታፈሰ በተቆረጠ በርሜል ውስጥ የቡና ገለባ ያነዱልናል። የገለባ እሳት ነበልባል የለውም፤ ውስጥ ውስጡን እየጋመ ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ይሰጣል። በፍሙ ውስጥ ጎደሬ እንቀብራለን። ከምሰሶው ላይ የተንጠለጠለው ፋኖስ መስታወቱ ዱቄት ለብሶ ስለነበር የሁላችንም ፊት ነጣ ብሎ፣ ደብዘዝ ብሎ ይታይ ነበር።

በእኛ ቤት ወሬ አልነበረም። አባቴ ሥራ የሚያዘው በጣቱ፣ የሚቆጣው በዓይኑ ነው። አማርኛም የትምህርት ቤትና የወፍጮ ቤት ቋንቋ እንጂ የቤታችን አልነበረም። ስለዚህ ያኔ ረጅም ወሬ የሰማሁት በአማርኛ ነው፤ የሰማሁትም ከጋሽ ታፈሰ አፍ ነው።

ጋሽ ታፈሰ ስለ ጅብና ስለ ጦጣ አይተርኩም። የሚተርኩት በንጉሡ ጊዜ፣ በወጣትነታቸው ስለነበሩበት የመኪና እሽቅድድም ነው። ራሊ ይሉታል። መኪኖቹ በየተራ እየተለቀቁ በጭቃና በገደል መንገድ ይሮጣሉ፤ ቀድሞ የጨረሰ ሳይሆን ትንሽ ሰዓት የፈጀ ያሸንፋል። ይህን ሲነግሩን አልማዝ ጠየቀቻቸው።

«እርስዎ ነበሩ የሚነዱት?»

«እኔ ከሾፌሩ ጎን ነበርኩ።»

«ረዳት!» አለች አልማዝ። «ታዲያ ሂሳብ ይሰበስቡ ነበር በሉና!»

ጋሽ ታፈሰ ከልባቸው ተቆጡ። «አንቺ ምላሳም! ረዳት በር ላይ ነው የሚንጠለጠለው። እኔ ኮድራይቨር ነበርኩ። የሾፌሩ ዓይን ነበርኩ!»

ሾፌሩ አቶ ዘውዴ የሚባሉ፣ የመኪናዋ ባለቤት፣ ከጋሽ ታፈሰ በዕድሜም በሀብትም የሚበልጡ ሰው ነበሩ። እሽቅድድሙ ከመድረሱ በፊት ሁለቱ መንገዱን በዝግታ ይሄዱበታል። አቶ ዘውዴ ጥምዙን አይተው ይናገራሉ፣ ጋሽ ታፈሰ በደብተር ይጽፋሉ። እያንዳንዱ ጥምዝ ቁጥር አለው። አንድ ማለት መኪናዋን ልታቆም ምንም ሳይቀርህ የምታዞርበት ጠባቡ ነው፤ ስድስት ማለት እግርህን ከነዳጁ ሳታነሳ የምታልፈው ነው። በውድድሩ ቀን ጋሽ ታፈሰ አንገታቸውን ደፍተው ደብተሩን ጮክ ብለው ያነባሉ እንጂ ወደ ውጭ አያዩም። ሾፌሩ ከፊቱ ያለውን ጥምዝ ገና ሳያየው በእሳቸው አፍ ይሰማዋል።

«ወደ ውጭ ካላዩ የት እንደደረሳችሁ በምን ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«በቂጤ!» አሉ። «ምን ያስቃችኋል? ወንበሩ ይነግረኛል። ጉድጓዱን፣ ድልድዩን፣ ቁልቁለቱን ቂጤ ያውቀዋል። ደግሞ ልክ በሰዓቱ ነው መናገር። ቀድመህ ብትነግረው ይረሳዋል፤ ዘግይተህ ብትነግረው ገደሉ ይነግረዋል።»

ከዚያ ጨዋታው ይጀመራል። በየተራ በቆሎ በሞላው ጆንያ ላይ ተቀምጠን የተቀደደ ወንፊት ክብ እንይዛለን፤ መሪያችን እሱ ነው። ዓይን ይጨፈናል። ጋሽ ታፈሰ ደብተሩን ሳይገልጡ በቃላቸው ይጮሃሉ። «መቶ ሜትር! ቀኝ አራት! ጭቃ! ሃምሳ! ግራ ሁለት፣ ድልድይ!» ከሁላችንም ጎበዟ ሾፌር አልማዝ ነበረች። ስትጠመዘዝ ጆንያው አቧራ ይተፋል፣ ቀሚሷ እሳቱ ውስጥ ሊገባ ይደርሳል። እኔ ያኔ ከቴፒ ወዲያ ሄጄ አላውቅም፤ ግን በተጨፈነ ዓይኔ ያላየሁትን አገር ስንት ጊዜ ወጥቼ ወረድኩት።

አንድ ቀን ጋሽ ታፈሰ የቆርቆሮ ሳጥናቸውን ከፍተው በላስቲክ የተጠቀለለውን ደብተር አወጡ። ዓይናቸው በጭሱ ደክሞ ነበር። «አንተ አራተኛ ክፍል አይደለህ? ዛሬ አንተ አንብብ» አሉኝ። እስከዛሬ እንደዚያ ቀን የከበርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። አልማዝ ወንፊቷን ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ወደ ፋኖሱ ተጠግቼ እንደ መምህር ድምፄን ከፍ አድርጌ ጀመርኩ። ገጾቹ ጥግ ላይ ቁጥር አላቸው። ሃያ ሦስትን ጨርሼ ስገልጥ የመጣው ሃያ ስድስት ነው። በመካከል ያለው ቅጠል በእጄ ወፈረብኝ። ሁለት ገጾች ተጣብቀዋል።

«በል እንጂ!» አለች አልማዝ። «ገደል ልግባልህ?»

አፈርኩ። ማንበብ የሚችል ልጅ ተብዬ፣ ሁሉም እያየኝ፣ «አላገኘሁትም» ማለት ሞት መሰለኝ።

«ቀኝ ስድስት!» ብዬ ጮህኩ።

ጋሽ ታፈሰ ፍሙን የሚቆሰቁሱበት እንጨት በእጃቸው ላይ ቆመ።

«ምን አልክ?»

«ቀኝ ስድስት።»

«ከየት አመጣኸው?»

ደብተሩን ከእጄ ወሰዱ፤ ዓይናቸው አጥርቶ ስለማያይ በአውራ ጣታቸው ዳር ዳሩን ዳሰሱት። የተጣበቀው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቀጥ አለ። የሚመቱኝ መስሎኝ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። እሳቸው ግን ዱቄት በለበሰው ወለል ላይ ቁጭ አሉና፣ ለእኛ ይሁን ለእሳቱ ሳይታወቅ፣ ቀስ ብለው ተናገሩ።

ዝናብ ነበር አሉ። የመኪናዋ ጣሪያ ያንጠባጥባል። ወረቀቱ ርሶ ሁለት ገጽ አንድ ላይ ገለጡ። የሚያነቡትና ወንበሩ የሚነግራቸው አልገጥም አለ።

«ጠፋብኝ» አሉ ጋሽ ታፈሰ። «ሁሉም ይጠፋበታል፣ ነውር አይደለም። የዚያን ጊዜ ሥራህ አንድ ቃል ነው፤ ‹ጠፋብኝ› ትላለህ። ሾፌሩ እግሩን ከነዳጁ ያነሳል፣ በራሱ ዓይን ይሄዳል፣ ጥቂት ደቂቃ ትከስራለህ፣ አለቀ። እኔ ግን በአቶ ዘውዴ ፊት እንዴት ብዬ? እንደ አባት የማያቸው ሰው፣ እኔን አምነው ጎናቸው ያስቀመጡኝ... አፈርኩ። የመጣልኝን ጠራሁ።»

«ምን ብለው?» አለች አልማዝ። ዓይኗን ገና አልገለጠችም ነበር።

«ቀኝ ስድስት። የፈራ ሰው ሁሉ የሚጠራው እሷን ነው። ቀላሏን።» ጎንበስ ብለው ፍሙን ነካኩት። «ግራ አንድ ነበር።»

መኪናዋ ገደል ገባች፤ አቶ ዘውዴ ሦስት ቀን ቆይተው ሞቱ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ሊጠይቃቸው ለመጣ ሁሉ «ፍሬኑ እምቢ ብሎኝ ነው» ይሉ ነበር። ጋሽ ታፈሰም አልጋው አጠገብ ቆመው ይሰማሉ።

«አቶ ዘውዴ አላወቁም ነበር?» አልኩ።

«እንዴት አያውቁም? ጆሯቸው ውስጥ የጮህኩት እኔ ነኝ።»

ከቀብሩ በኋላ ከተማውን ትተው መንገዱ እስኪያልቅባቸው መጥተው በእኛ መንደር ሞተር ማስነሳት ያዙ። ሁለቱን ገጾች አንድም ቀን አላላቀቁም። ደብተሩን በላስቲኩ ጠቅልለው ሳጥኑ ውስጥ መለሱት፤ ጎደሬያችን አርሮ ነበር፣ ማንም አልበላውም። ከዚያ ወዲህ ያን ጨዋታ አልተጫወትንም። እኔ ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርት ባቆምኩበት ዓመት ጋሽ ታፈሰ ሞቱ። ሳጥኑን ማን እንደወሰደው አላውቅም።

ደብተሩን ባነበብኩበት ምሽት ዱቄቱን ተሸክመን ስንመለስ አልማዝ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ትምህርቴን እየያዝኩ ነበር፤ የማያውቁትን ከመናገር ዝም ማለት ይሻላል ብዬ ያዝኩት። አሁን ሳስበው ጋሽ ታፈሰ እንዲህ አላሉም። ዝም በል አላሉኝም። ያሉትን ትልቁን ነገር እዚያው ጭሱ ውስጥ ትቼ ለእኔ የሚመቸኝን ብቻ ይዤ ሄድኩ። የአባቴም ቤት ለዚህ የተመቸ ነበር። አድጌ ቡናዬን ተከልኩ፣ ልጆች ወለድኩ፤ እንደ አባቴ በጣቴ አዘዝኩ። ሰው «አንደበቱ የተቆጠበ» እያለ አመሰገነኝ። ልጆቼ ሲጠይቁኝ የማውቀውን በአጭሩ እመልሳለሁ፤ የማላውቀውን እጄን አወዛውዤ አልፋለሁ። አባት አላውቅም ሲል ሰምቼ አላውቅም፣ እኔም አላልኩም።

ዘንድሮ ክረምት ከጌጫ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ኢያሱ እህል በጫነበት አይሱዙ ጋቢና ከጎኑ ተቀመጥኩ። ጠዋት ነው፤ ጉሙ ግን ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ አያሳይም። ኢያሱ ለዚያ መንገድ አዲስ ነበር። እኔ ከጉርምስናዬ ጀምሬ በእግሬ የማውቀው ነው፤ ምልክቴም ከትልቁ ጥምዝ በፊት ያለው ዋርካ ነበር። መንገዱ ሲሰፋ ዋርካው እንደተቆረጠ አልሰማሁም። ዓይኔ ዋርካውን እየፈለገ ብዙ ሄድን።

«አባ፣ ትልቁን ጥምዝ አልፈነዋል?» አለኝ።

ጠፍቶብኝ ነበር። የት እንዳለን አላውቅም። ልጄ መሪውን ይዞ ይጠብቀኛል። እጄን አንስቼ ወደፊት ጠቆምኩ፤ ሂድ።

ሄደ። ጥምዙ ከፊታችን ነበር። መኪናው በጎኑ ቦይ ውስጥ ሲተኛ እኔን ግንባሬን ብቻ ነው የጫረኝ። የኢያሱ እግር ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሚዛን ሐኪም ቤት ለጠየቀው ሁሉ «ፈጥኜ ነው» አለ። ለመኪናው ባለቤትም «ፈጥኜ ነው» ብሎ ቁልፉን አስረከበ። እኔ አልጋው አጠገብ ቆሜ እሰማ ነበር። እዚያ ቆሜ ሳለ የቡና ገለባ ጭስ ሸተተኝ ብል ማን ያምነኛል? ግን ሸቶኛል።

ትናንት ከሰዓት ዝናቡ ከማሳ መለሰኝ። ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ኢያሱ ምን ሆነ ብሎ ደንግጦ አየኝ፤ እንዲያ ተቀምጬበት አላውቅምና። ስለ ወፍጮ ቤቱ ነገርኩት። ስለ ወንፊቱ፣ ስለ አልማዝ፣ ስለ ቀኝ ስድስት። ለልጄ ታሪክ ስተርክ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ስለነበር ቃሉ እየተሰነቀረብኝ ነበር። የተጣበቁት ገጾች ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«ያን ቀን ጉሙ ውስጥ ጠፍቶብኝ ነበር» አልኩት።

ኢያሱ የተሰበረ እግሩን በእጁ ደግፎ ወደ እኔ ዞረ።

«አውቃለሁ አባ። እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«አይተህ ነው የሄድከው?»

«ሂድ አልከኝ እኮ» አለ።

ጥፋቴ የአንድ ቀን ጥፋት መስሎኝ ነበር የገባሁት። እጄ ሲንቀጠቀጥ እያየ «ቆይ፣ እርግጠኛ ነህ?» ማለት የማይችል ልጅ ግን በአንድ ጠዋት አይሠራም። ዕድሜውን ሁሉ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ነው የሠራሁት። እሱም አይቶ ዝም አለ፣ እኔም ጠፍቶብኝ ዝም አልኩ፤ መኪናው ውስጥ ሁለት ሰው ነበርን፣ አንድም የሚናገር አልነበረም። ጋሽ ታፈሰና አቶ ዘውዴም በእነዚያ ሦስት ቀናት እንዲሁ ተያይተው፣ እንዲሁ ዝም ተባብለው ነው የተለያዩት።

«ታዲያ እንደገና ልንዳ አባ?» አለኝ ኢያሱ።

እጄ እንደ ልማዱ ሊነሳ ጉልበቴ ላይ ተንቀሳቀሰ። በሌላው እጄ ያዝኩት።

«አላውቅም ልጄ» አልኩት።

ኢያሱ ትራሱን ተደግፎ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ዝናቡ ካባራ በኋላም ወደ ማሳ አልወጣሁም። ከእነዚያ ሁሉ ምሽቶች ድልድዩና ጭቃው፣ የጥምዙም ቁጥር አብዛኛው ጠፍቶብኛል። የቀረልኝ በዱቄት በደበዘዘው ብርሃን አንድ ያረጀ አውራ ጣት የተጣበቁትን ገጾች ዳር ሲዳስስ፣ ሊያላቅቅ ሲል፣ ሲተወው ነው።