በሁለት እጁ የሰጠኝ ሽማግሌ

ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ጎልማሶች እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ምሳ ጋበዙኝ። ሰው እኔን በነፃ እንደማይጋብዝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ክትፎውን ቀስ እያልኩ እየበላሁ ጉዳዩ እስኪወጣ ጠበቅኩ። አንደኛው፣ ሚራክል ማይል ላይ ቢሮ ያለው አካውንታንት፣ ወንበሩን ወደኔ ጠጋ አደረገ።

«ጋሼ ዘለቀ፣ ሶስና ከባሏ ቤት ከወጣች ሁለት ሳምንት ሆናት። የት እንዳለች አንተ ታውቃለህ ይላሉ። አድሬሷን ብቻ ስጠን። ሶ፣ ሽማግሌ ይዘን ሄደን እናስታርቃቸዋለን።»

«አላውቅም።»

«ኦኬ፣ ካላወቅህ ደውለህ ጠይቅልን። ለልጆቹ ሲባል። ሰውየው እኮ ጨዋ ነው። እግሯ ላይ እወድቃለሁ ነው የሚለው።»

«ይውደቅ። እኔ ግን አላነሳውም፤ ወገቤ አይችልም» አልኩና ባርኔጣዬን አነሳሁ።

በሩ ጋ ስደርስ ሁለተኛው፣ «ለዚህ ሰውዬ እግዜር ዕድሜ እንጂ ሽምግልና አልሰጠውም» ሲል ሰማሁት። ተመልሼ ልሰድበው ነበር፤ ግን ልክ ብሏል። ሶስና በዚያች ሰዓት ከነልጆቿ እኔ ቤት ጓሮ ባለችው ክፍል ውስጥ ነበረች። እኔ ደግሞ ሽምግልናን አንድ ጊዜ፣ ገና ጢሜ ሳይጠና፣ ሞክሬዋለሁ። ለዕድሜ ልክ በቃኝ።

ነገሩ የሆነው ንጉሡ ከወረዱ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ያኔ ፌርፋክስ የኛ የሐበሾች ሰፈር አልነበረም። የአይሁድ ዳቦ ቤቶችና በሆምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር በበርሜል የሚሸጡ ሱቆች ነበሩበት፤ ጠዋት ጠዋት መንገዱ ትኩስ ዳቦና ሆምጣጤ ይሸት ነበር። እኔ ከዋናው መንገድ ጀርባ፣ ከአንድ ጋራዥ በላይ ያለች ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ወደዚህ አገር የመጣሁት ለትምህርት አይደለም። አስመራ ውስጥ አንድ አሜሪካዊ መኮንን ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ወደ አገሩ ሲመለስ ይዞኝ መጣ። እዚህ እንደደረስን ሚስቱ ፈታችው፤ እኔንም አብራ ፈታችኝ።

ከአዲስ አበባ የመጡ ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስበው ስለ ትግል ሲከራከሩ እኔን የሚጠሩኝ መኪናቸው አልነሳ ሲል ነበር። ገፍቼ አስነሳና እጄን በሱሪዬ ጠርጌ እሄዳለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። የቆጠርኩት ከአርባ ዓመቴ በኋላ ነው፤ አሁንም ስጽፍ እጄ ከአፌ ኋላ ይቀራል። ይህን የምለው ማንም እንዲያዝንልኝ አይደለም። ያኔ ምን ያህል መከበር እንዳማረኝ እንድታውቁልኝ ነው።

ሥራዬ ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል፣ ሻንጣ መሸከም ነበር። ከጃፓን የሚመጡ የሬስሊንግ፣ ማለትም የትርኢት ትግል፣ ታጋዮች እዚያ ያርፉ ነበርና ከእነሱ አንዱን፣ ኖቦሩን፣ ያገኘሁት በሻንጣው ምክንያት ነው። ላነሳለት ስል ከእጄ ነጥቆ ራሱ ተሸከመው። «ካንተ እኔ እበልጣለሁ» አለኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፤ እውነቱን ነበር፣ አንገቱ የኔን ጭን ያክላል። የሁለታችንም እንግሊዝኛ እኩል ሽባ ስለነበረ በደንብ ተግባባን።

አርብ አርብ መሃል ከተማ አጠገብ ባለ አሮጌ አዳራሽ ይታገል ነበር። የተሰጠው ሚና የክፉው ሰው ነው፤ ከኪሱ ጨው አውጥቶ የተጋጣሚውን ዓይን ውስጥ ይበትናል፣ ሕዝቡ ይረግመዋል። በመጀመሪያው ቀን ደም ሳይ የመድረኩን ገመድ ዘልዬ ልገባ ነበር። በኋላ ምስጢሩን አሳየኝ። አንዱ ሌላውን አንሥቶ ከመጣሉ በፊት ክንዱን ጨበጥ ያደርገዋል፤ ዝግጁ ነህ ወይ ማለቱ ነው። የሚጣለው መልሶ ጨበጥ ካላደረገ አይጣልም። «እንደ ዳንስ ነው» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጅ እጃቸውን ብቻ ነበር የማየው። ሺህ ሰው ሲጮህ እኔ ዝም ብዬ እጅ አያለሁ።

አንድ ሰሞን፣ ዝናብ በማያውቀው ከተማ ሳምንት ሙሉ ሲዘንብ፣ ኖቦሩ ሻንጣውን ይዞ ክፍሌ መጣ። ልደበቅ አለኝ። ጉዳዩን ያወጣው ሩዝ ቀቅሎ፣ ከኔ በርበሬ ነስንሶ፣ እያላበው እየበላ ነው። በርበሬ ሲወድ ለጉድ ነበር፤ አንዲት ጠርሙስ ለብቻው ለይቼ ሰጥቼዋለሁ።

አገሩ ላይ የሚታገልበትን ኩባንያ የሚያዙት የተደራጁ ወንበዴዎች ናቸው። በየከተማው ቲኬቱን የሚሸጡት እነሱ፣ አዳራሽ የሚያስከፍቱት እነሱ፣ የክብር ወንበር ላይ የሚቀመጡትም እነሱ። ኖቦሩን ያሠለጠነው ሰው ከእነሱ ጋር አልሠራም ስላለ በጩቤ ወጉት፤ ሰክሮ ወደቀ ተብሎ ታለፈ። ኖቦሩ ሲወጉት አይቷል። አሁን ካገሩ የመጣ አንድ ጋዜጠኛ እዚህ ከተማ ገብቷል፤ የመጪው ሳምንት እሁድ ተገናኝተው ያየውን ሁሉ ሊነግረው ነው።

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ከዚያ እተኛለሁ» አለኝ። «ካየሁት ጀምሮ ደህና እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።»

በማግስቱ ሆቴላችን አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ገባ። ፀጉሩ ጥጥ የመሰለ፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ሁለት ወጣቶች ከኋላው የሚከተሉት። እነዚያ ተራራ የሚያክሉ ታጋዮች ሎቢው ውስጥ ሲያዩት ነፋስ እንደመታው የዳስ ምሰሶ ጎንበስ ጎንበስ አሉ። ሻንጣውን ክፍሉ ድረስ ወሰድኩለት። ሌላው እንግዳ ሳንቲም ሲወረውርልኝ እሱ ከወንበሩ ተነሣ፤ በወረቀት አምሮ የተጠቀለለ የጣፋጭ ሳጥን አነሣና በሁለት እጁ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሰጠኝ።

አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ ማንም በሁለት እጁ ምንም ሰጥቶኝ አያውቅም። ተማሪዎቹ እንኳን። በሁለት እጄ ተቀብዬ እጅ ነሳሁት። ጣፋጩ ከባቄላ የተሠራ ነበር፤ ባቄላን በስኳር ማን ያበላሻል እያልኩ ሁሉንም በላሁት።

የዚያን ቀን ማታ ሳስበው፣ ይህ ሰው የኩባንያው ትልቅ ሰው ነው። ትልቅ ሰው ከሆነ የሚያጠፉት ከሥሩ ያሉት ናቸው፤ እሱ አያውቅም። ቢነገረው ይገሥፃቸዋል። ለንጉሡም እንዲህ እንል ነበር፤ እሳቸው አያውቁም፣ ሹማምንቱ ናቸው። ንጉሡ ወርደው እንኳ ይህ አስተሳሰብ ከኔ ጭንቅላት አልወረደም ነበር። ደግሞ ሌላም ነገር ነበር፣ እውነቱን ልናገር፤ አስታራቂ ዘለቀ መባል አምሮኝ ነበር።

የሽማግሌውን በር አንኳኩቼ ገባሁ። ከወጣቶቹ አንዱ እንግሊዝኛ ስለሚችል አስተረጎመልን። ሽማግሌው ሻይ ቀድቶ፣ አሁንም በሁለት እጁ፣ አቀበለኝ።

«አባቴ» አልኩት፣ «ተጣልተዋልና ላስታርቅ ነው የመጣሁት።»

«ማን ከማን?» አለ አስተርጓሚው።

«ኖቦሩ ከእናንተ ጋር። ልጅ ነው፣ ተከፍቶ ነው። ለጋዜጠኛ ልናገር ያለውም ሰሚ ስላጣ ነው። አባት እያለ ለጎረቤት ስሞታ አይባልም።»

አስተርጓሚው ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ተረጎመ። ሽማግሌው ጥቂት ቃላት ተናገረ።

«ልጁ ይበላል ወይ? ይላሉ።»

«ይበላል።»

«ይተኛል ወይ?»

«እሱስ አይተኛም።»

ሽማግሌው አንገቱን በሐዘን ነቀነቀ። በሞቴ፣ ዓይኑ ውኃ ያቀረረ መስሎኝ ነበር።

«የሚያድረው የት ነው? ብርድ እንዳይመታው ብለው ነው።»

እንዲያው ዝም ብዬ አልተናገርኩም። «መጀመሪያ ክፉ እንዳይነካው ይማሉልኝ» አልኩ። ሽማግሌው እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ አናቱ እስኪታየኝ ጎነበሰ።

«ማሉ ማለት ነው?» አልኩት አስተርጓሚውን።

«ከዚህ በላይ እንዴት ይማላል?» አለኝ።

ያኔ መንገዱን፣ ጋራዡን፣ ደረጃውን ነገርኩት።

በማግስቱ ኖቦሩ ሩዙን እያወጣ ሳለ በሩ ተንኳኳ። አስተርጓሚው ነው፤ የጣፋጭ ሳጥን ይዟል። ኖቦሩ መጀመሪያ ሳጥኑን አየ፣ ቀጥሎ እኔን። በቋንቋቸው ጥቂት ተባባሉ። ስለ እናቱ እንደሆነ ገባኝ፤ የእናት ስም በማንኛውም ቋንቋ ፊት ላይ ይታወቃል። ከዚያ ጃኬቱን ለበሰ።

«አንተ ነህ?» አለኝ።

«ታረቁ ብዬ ነው። ሽማግሌው ጥሩ ሰው ናቸው፤ አርብ ለመጨረሻ ጊዜ ታግለህ ይቅር ይባላል ብለዋል...»

«ማን ጠየቀህ?»

ቁጣ አልነበረበትም። የጠየቀኝ ሰው ካለ ስሙን ማወቅ የፈለገ ነበር የሚመስለው። ከአስተርጓሚው ጋር ደረጃውን ወረደ። ሩዙ ምድጃው ላይ ቀረ።

አርብ ዕለት ሽማግሌው ከጎኑ፣ ከፊት መስመር አስቀመጠኝ። ሱፍ ለብሼ ነበር። በልቤ፣ እነዚያ ተማሪዎች አሁን ባዩኝ እላለሁ። ኖቦሩ ገባ። ጨው አልያዘም። ተጋጣሚው ያላየሁት ሰው ነው፤ ቀይ ፊት፣ አጭር አንገት። ትንሽ እንደታገሉ ቀይ ፊቱ የኖቦሩን እግር ያዘ። እጁን አየሁ። ጨበጥ አላደረገም። አምልጦኝ ይሆናል አልኩ። ከዚያ የኖቦሩ ጉልበት ወደማይታጠፍበት ታጠፈ።

ድምፁን ከፊት መስመር ያለን ሰዎች ሰምተነዋል። እርጥብ እንጨት ሲሰበር ያለ ድምፅ ነው። ኖቦሩ ጮኸ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እሱ የክፉው ሰው ነው፣ ማንም እውነት አልመሰለውም። ሽማግሌው ቀስ ብሎ አጨበጨበ። እኔም፣ ሽማግሌው ሲያጨበጭብ አይቼ፣ አጨበጨብኩ። ይህን ነው እስከ ዛሬ ላጥበው ያቃተኝ። አድራሻውን የሰጠሁት በሞኝነት ነው እላለሁ፤ ለጭብጨባው ግን ስም የለኝም። እጁ እንዳልጨበጠው አይቼ ነበር።

ስንወጣ አስተርጓሚው ሌላ ሳጥን ለሽማግሌው አቀበለ። ሽማግሌው በሁለት እጁ ሰጠኝ። እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኩት።

ሆስፒታል ሄጄ አየሁት። እግሩ በጄሶ ታስሮ ተሰቅሏል። ይቅርታ ማለት ስጀምር፣ «ሻንጣዬን አምጣልኝ» ብቻ አለኝ። አመጣሁለት። ከፍቶ ዕቃውን አገላበጠ፣ የበርበሬዋን ጠርሙስ አገኘና አወጣት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በአንድ እጁ፣ በግራው፣ ዘረጋልኝ።

«ይቺ ያንተ ናት።»

ጋዜጠኛው ባዶ እጁን ተመለሰ። ኖቦሩንም ወደ አገሩ ወሰዱት፤ ከዚያ በኋላ ወሬውን አልሰማሁም። ከዓመታት በኋላ የኩባንያው ጉድ በሌላ ሰው አፍ እንደወጣ፣ በሩም እንደተዘጋ ሆቴሉ ውስጥ ሲወራ ሰማሁ። ሰዎች ወንበዴዎቹ ተዋረዱ ብለው ሳቁ። እኔ ያሰብኩት ስለዚያ ጉልበት ነው። ለምን እንደተሰበረ እንኳ የሚያውቅለት የለም፤ ከእኔ በቀር።

እርቅን አልጠላም። ደህና ሽማግሌዎች ደህና ትዳር ሲያድኑ አይቻለሁ። የሶስና ባልም ምናልባት እንደሚሉት ጨዋ ይሆናል፤ ምናልባት እኔ ነኝ ቤት እያፈረስኩ ያለሁት። አላውቅም። ሽማግሌው የሚያስፈራ ሰው ቢሆን ኖሮ አልናገርም ነበር፤ ያናገረኝ ጨዋነቱ ነው። ስለዚህ ጨዋ ነው ሲሉኝ ጆሮዬ ይደፈናል።

ቅዳሜ ዕለት ቤት ስደርስ ልጆቹ ሳሎን ቴሌቪዥን ያያሉ፤ ሶስና ወጥ ቤት ናት። ገና ካገር ከመጣች ጥቂት ጊዜዋ ስለሆነ አንቱ ትለኛለች።

«ፈለጉኝ?» አለች ሳትዞር።

«ፈለጉሽ። አላውቅም አልኳቸው።» ባርኔጣዬን አስቀመጥኩ። «ሶስና፣ መታረቅ ትፈልጊያለሽ?»

ማማሰያው ቆመ። «እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም፣ ጋሼ።»

«እየጠየቅኩሽ ነው።»

ወጡ ተንተከተከ። «አሁን አልፈልግም» አለች በመጨረሻ። «ነገን አላውቅም።»

«ይሁን» አልኩ።

ምሳ መብላቴን አታውቅም፤ እኔም አልነገርኳትም። በሰሃን አወጣችልኝና፣ እንደ አስተዳደጓ ጎንበስ ብላ፣ በሁለት እጇ አቀረበችልኝ። ሰሃኑ መሃላችን ቆየ። እጆቼን ለመዘርጋት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።