ጥቁር ጥፍር

ልጅቷ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ ስትሄድ፣ በሳህሉ ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ አዲሱን የሩጫ ጫማዋን ለስልኳ ካሜራ እያሳየች ፈገግ ትላለች። ቀረጻው ሲቆም ፈገግታዋም አብሮ ይጠፋል።

«ሶሪ ጋሼ፣ ስፖንሰሮቼ ዛሬውኑ ፖስት አድርጊ ስላሉኝ ነው» አለችው። ለኮሌጇ ትሮጣለች፤ ዕቃቸውን እንድታስተዋውቅ ከሚከፍሏት ድርጅቶች ጋር የሚያገናኛት የስልክ አፕ ነው። «አሁን ሦስት ስፖንሰር አለኝ።»

ሦስት! ሳህሉ የሚያውቀው ስፖንሰር አሜሪካ ለሚገባ ሰው ፈርሞ ዋስ የሚሆን ዘመድ ነው፤ እሱንም አንዱን ያገኘው ስንት ዓመት ደጅ ጠንቶ ነው። አገር ቤት ለክለብ ሲሮጥ ደግሞ ካሸነፈ የሚተርፈው ጭብጨባ ነበር። «ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» አለ በሆዱ።

መብራት ሲይዛቸው በመስታወቱ አያት። ጫማውን አውልቃ፣ ጠራርጋ ካርቶኑ ውስጥ ከመለሰች በኋላ እግሯን ታሻለች። የአውራ ጣቷ ጥፍር ከሥሩ ጠቁሯል።

«ያምሻል እንዴ?»

«ቪዲዮው ላይ አይታይም፣ ጋሼ» አለችና ካልሲዋን አጠለቀች።

ሳህሉም ድሮ እንዲህ ያለ ጥፍር ነበረው። ዛሬ ፔዳል ብቻ የሚረግጠው እግሩ የሙሽራ እግር መስሏል። ቅናቱ የባሰበት ያንን ጥፍር ሲያይ ነው።