የኮረብታው መስመር

በትራንስፖርት ዕቅድ ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ጥግ የሚቀመጠውን ባለሙያ ባልደረቦቹ «ጋሼ ነገ» ይሉታል። ሥራው ዛሬ የሌለውን መንገድ ማሰብ ነው፤ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሰው የት እንደሚኖር፣ የት እንደሚሠራ፣ በምን እንደሚመላለስ ሲያሰላ ይውላል።

«ጋሼ ነገ፣ የዛሬውን ሻይ ደግሞ ነገ እከፍላለሁ እንዳይሉን!» ትለዋለች ጸሐፊዋ።

«እሱማ ጥናት ያስፈልገዋል» ይላል ኮስተር ብሎ፤ ከዚያ ይከፍላል።

ቢሮ ውስጥ ከዚህ ያለፈ ጨዋታ የለውም። ማታ የሚገባው አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ባለ ሁለት ክፍል ቤቱ ነው። ሁለት ወንበሮች አሉት፤ አንደኛው የልብስ መስቀያ ከሆነ ቆይቷል። ሬዲዮኑን የሚከፍተው ሊያዳምጥ አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ የሰው ድምፅ እንዲኖር ብቻ ነው።

ያለችው አንዲት ታላቅ እህት ናት። እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገችው እሷ ነች፤ ዛሬም የምትኖረው ከከተማው ወዲያ፣ ኮረብታው ላይ ባለው የትውልድ መንደራቸው ነው። እሱ ጡረታ ሲወጣ ይገባበታል ብላ የጓዳውን ክፍል አስለስናለች፤ አልጋም አስገብታለች። ስለዚህ ክፍል ቢሮ ውስጥ ለማንም ተንፍሶ አያውቅም።

ወደ መንደሩ የሚወጣው አውቶቡስ ድሮ በየቀኑ ነበር፤ አሁን ቅዳሜ ብቻ ነው። የአውቶቡስ ድርጅቱ ደግሞ ተሳፋሪ የለም ብሎ በበጀት ዓመቱ መጨረሻ ጨርሶ ሊያነሳው አስቧል። ማዳኛው አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ በደንቡ መሠረት ጥናት የተያዘለት መስመር ጥናቱ እስኪያልቅ አይነሳም። በዚያ ዓመት ለጥናት የተመደበው ገንዘብ ግን ሁለት ጥናት ብቻ የሚችል ሲሆን፣ የቀረቡት ሐሳቦች ሦስት ነበሩ፤ የቀለበት መንገዱ፣ ወደ ፋብሪካዎቹ የሚወስደው ባቡርና የኮረብታው መንደሮች አውቶቡስ። በተሳፋሪ ብዛት ሲሰላ ኮረብታው መጨረሻ ወጣ።

ስሌቱን የሠራው ራሱ ነው፤ አንዲት ቁጥር አልነካም። ይልቅስ አንድ ገጽ ማብራሪያ ጻፈ፤ አውቶቡስ በሌለበት ቦታ ቤቱ የቀረ ሰው መሄድ እንዳልፈለገ ተደርጎ ይቆጠራል፣ ይህ ደግሞ ልክ አይደለም የሚል። አለቃው አነበበውና «ጥሩ ነው፤ ቦርዱ ፊት አንተው ተናገር» አለው።

በስብሰባው ቀን ማብራሪያውን ይዞ ቆመና ተናገረ። የቦርዱ ሰብሳቢ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በጥሞና ሰሙት። ሲጨርስ የፋይናንስ ኃላፊው ወንበሩ ላይ ለጠጥ አለ።

«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል። ለመሆኑ እዚያ ኮረብታ ላይ ዘመድ አለዎት እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጥያቄው ክፋት አልነበረበትም። እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ስም፣ ቁጥር የማያጣምም ሰው የሚለው ስም፣ በዚያ ሳቅ ውስጥ ሲሰነጠቅ የሰማ መሰለው።

«የለኝም» አለ። ቀጥሎም ማንም ሳይጠይቀው፣ «ማንም የለኝም» ሲል ጨመረ።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው መለሱ።

«ይህማ ጎደሎ ነው። ስሌቱን አይተነዋል፤ ያጣነው እዚያ የሚኖረው ሰው ምን እንደሚል የሚነግረን ነው። ዘመድ ያለው ሰው አለኝ ብሎ አስመዝግቦ መናገር ይችላል እኮ፤ ማን ይከለክለዋል?»

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል። አሁን «አለችኝ» ቢል ውሸታም ሊባል ነው፤ ዝም ቢል ደግሞ መስመሩ ሊሄድ ነው። የቀረበለትን የውሃ ብርጭቆ በጣቱ አዞረ። ድምፅ ለመስጠት እጅ ወጣ፤ የቀለበት መንገዱና ባቡሩ አለፉ። ሲወጡ የፋይናንስ ኃላፊው ትከሻውን መታ አድርጎ፣ «አይዞዎት፣ ለነገ ያቆዩት» አለው።

ቅዳሜ እንደ ወትሮው ወደ ኮረብታው ወጣ። እህቱ በረንዳው ላይ ባቄላ እየፈለፈለች ነበር። ስመውት ስመውት፣ ደግመው ስመውት ከማይጠግቡት ሰዎች አንዷ ናት፤ አገላብጣ ሳመችውና ከጎኗ አስቀመጠችው።

«እህስ? ምን አሉ?»

«አልሆነም፣ እትዬ።»

«ሊያነሱት ነው?»

«በጀት ዓመቱ ሲያልቅ።»

«እንግዲህ አውቶቡስ ሳይመጣም ሰው ነበርን። ጉልበቴ ብቻ ነው ይህን ያልሰማው» አለችና ፈገግ አለች።

እዚያ ላይ ቢተወው ኖሮ ቀኑ በደህና ያልፍ ነበር። እሱ ግን ከእሷ ደብቆ አያውቅም።

«ዘመድ አለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ።»

«አለችኝ አልካቸዋ» አለች ሥራዋን ሳታቋርጥ።

አንድ ባቄላ አንስቶ ይፈለፍል ጀመር።

«አላልክም?»

«ያዳላል እንዳይሉኝ ብዬ ነው። ለመስመሩ ብዬ።»

«እና ምን አልክ?»

«ማንም የለኝም አልኩ።»

አውራ ጣቷ የባቄላው ቅርፊት ውስጥ እንደገባ ቀረ።

«በቁሜ ቀበርከኝ በለኛ።»

«እትዬ፣ እንዲያ አይደለም …»

«አንተ ልጅ፣ መስመሩንስ ይውሰዱት። እኔን ምን ብለህ ሰጠሃቸው?»

ሲጨንቀው፣ «ለምን እኔ ዘንድ አትመጪም? ቤቱ ለሁለት ሰው አያንስም» አላት።

«አራተኛ ፎቅ ላይ ማንን እንደምን አደርክ ልበል? ጎረቤትህ ማን ይባላል?»

አሰበ። ደረጃው ላይ የሚያልፈውን ሰው ፊት አስታወሰ፤ ቦርሳውን አስታወሰ፤ ስሙ ግን አልመጣለትም።

«ረጅም ሰውዬ ነው» አለ።

ሳቋ ሳታስበው አመለጣት፤ ወዲያው ግን አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘችና ፊቷን ወደ ባቄላው መለሰች። ከዚያ በኋላ ዳቦ ቆረሰችለት፣ ሻይ ቀዳችለት፣ ስለ ጣሪያው መፍሰስ ነገረችው። የጓዳው ክፍል በር ተዘግቶ ነበር፤ እሷም አላነሳችውም፣ እሱም አልጠየቀም።

አውቶቡሱ ከታች ጥሩምባ ሲነፋ ተነሳ። ሁልጊዜ ትሸኘዋለች፤ ክንዱን ይዛ እየተንጠራወዘች እስከ ማቆሚያው ትወርድና መኪናው በጠመዝማዛው እስኪሰወር ቆማ ታያለች። ዛሬ አልተነሳችም።

«ጉልበቴን አሞኛል» አለችው።

ጠዋት ወርዳ ከምንጭ ውሃ ያመጣችበት ባልዲ ደጃፉ ላይ፣ ሥሩ ገና ሳይደርቅ ቆሞ ነበር። አየው፤ እንዳየውም አየችው። ጎንበስ ብሎ ሳማት። ጉንጯን ሰጠችው እንጂ እሷ አልሳመችውም።

ቁልቁለቱን ብቻውን ወረደ። ሾፌሩ ሞተሩን እንዳስነሳ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ወደ ላይ አየ።

«እህትዎስ? ልጠብቃቸው?»

«ዛሬ አትመጣም» አለው፤ ገብቶም ከኋላ ወንበር ተቀመጠ።

ሾፌሩ ግን ትንሽ ጠበቀ።