ሁለት ሲደመር ሦስት ሲባዛ በአራት

ልጄ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ሲለማመድ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። በጥቁሩ ገጽ ላይ አንድ መስመር ጻፈ፦ ሁለት ሲደመር ሦስት ሲባዛ በአራት። ቁልፍ ሲነካ መልሱ ከሥሩ ብቅ አለ። አሥራ አራት።

"ማባዛቱን ያስቀድማል፣ አባባ። ሃያ እንዲሆን ከፈለጉ መደመሩን በቅንፍ ማጠር ነው" አለኝ።

ሃያ ሲል ያንኑ ሂሳብ የጻፍኩበት የድሮ ሰሌዳ ትዝ አለኝ።

በንጉሡ ዘመን ነው። ከሶዶ ወደ ቦዲቲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንዲት የሣር ክዳን ጸሎት ቤት ልጆች አስተምር ነበር። ራሴ የተማርኩት ከአንድ የሂሳብ መጽሐፍ ነው፤ የፊትና የኋላ ገጾቹን አይጥ በልቷቸዋል። የቱ እንደሚቀድም የሚናገረው ገጽ አልደረሰኝም። እንደ ንባቡ ሁሉ ሂሳብም ከግራ ወደ ቀኝ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ልጆቹንም በዜማ አስባልኳቸው። ጩኸታቸው ከዳሞታ ተራራ የሚወርደውን ዝናብ ይውጠው ነበር።

ከመካከላቸው አንዷ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረች። እርጥብ ጭቃ ትሸታለች እያሉ ሌሎቹ አግዳሚው ላይ ይርቋት ነበር። ያንን ሂሳብ ሰሌዳ ላይ ጽፌ "ሃያ" ስል እጇን አወጣች።

"አሥራ አራት ነው፣ መምህር።"

"እንዴት ሆኖ?"

በወላይትኛ ጀመረች። በአማርኛ ተናገሪ አልኳት። ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች፣ "ቤት ሁለት እንስራ አለ። ሦስት ሴቶች አራት አራት ይዘው መጡ። ሃያ ከየት ይመጣል?" አለች።

ልጆቹ ሳቁ። በእኔ የሳቁ መሰለኝ። አስቆምኳትና "ሃያ ነው" ብላ ሦስት ጊዜ እንድትደግም አደረግሁ። ሦስተኛው ከከንፈሯ አልወጣም።

በዚያው ሳምንት ሶዶ ያለ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት በሂሳብ የበረታ የአንድ ልጅ ስም ላክ አለኝ። እሷን የሚያክል እንዳልነበረ አውቅ ነበር። የሌላ ልጅ ስም ላክሁ። ለመምህሩ የማይታዘዝ ትምህርት አይጠቅመውም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እሷም ከእናቷ ጋር ጭቃ ማቡካት ያዘች፤ ወደ ክፍል አልተመለሰችም።

በዓመቱ ሶዶ ውስጥ የዚያኑ መጽሐፍ ሙሉ ቅጂ አገኘሁ። ሕጉ ሦስተኛው ገጽ ላይ ነበር። ለአዲሶቹ ልጆች አስተካክዬ አስተማርኩ። እሷ ቤት ድረስ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ አልሄድኩም። ልጆቼን ዋሻችሁ ብዬ ስገርፍ የኖርኩ ሰው፣ የራሴን ውሸት ግን እስከ ዛሬ ሸሽጌያለሁ።

ከዓመታት በኋላ ቦዲቲ ገበያ እንስራ ደርድራ አገኘኋት። ከመቀመጫዋ ተነሥታ ሰላም አለችኝ። ሴት ልጇን ትምህርት ቤት እንዳስገባቻት ነገረችኝ።

"ጎበዝ ናት?" አልኳት።

"በሂሳብ የሚስተካከላት የለም ይላሉ። ግን እንደ እኔ አፈኛ ናት። ከመምህር ጋር እንዳትከራከር መክሬያታለሁ።"

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

"ደግ አድርገሻል" አልኳት።