መንጋጋዬ የተፈታ ዕለት

ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ድጓ፣ አስተምራለሁ። ባለፈው ክረምት መንጋጋዬ ከጆሮዬ ሥር ቀጭ ቀጭ ይል ጀመርና ቆይቶ አፌ ከሁለት ጣት በላይ አልከፈት አለ። ተማሪዎቼ ዜማ ሲጠብቁ እኔ አንገቴን ደፋሁ።

አርብ ገበያ ብወርድ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ጉንጬን ዳስሳ፣ "የኔታ፣ ጥርስዎን ነክሰው ነው የሚውሉት፤ መጋጠሚያው ደክሟል። ለጊዜው ቆሎ ይተዉ" አለችኝ።

"ቆሎ በልቼ የተማርሁ ሰው ቆሎ ልተው?" ብዬ ሳቅሁ፤ ሳቁም አመመኝ።

ግን ታዘዝሁ። ጠዋት ጠዋት በሙቅ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ጉንጬ ላይ አኖርሁ፤ ገንፎ በላሁ፤ እንዳሳየችኝም አፌን ቀስ እያልሁ ከፈትሁ።

ለመስቀል በዓል ቅኔ ማሕሌት ቆሜ ዜማውን ከፍ አድርጌ ለቀቅሁት። መንጋጋዬ አልያዘኝም። ተማሪዎቼ በአንድ ድምፅ ሲቀበሉኝ እንባዬ ጺሜን አራሰው።