ከሁለት እርምጃ ማዶ ማስታጠብ

ነቀምቴ ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ እናቴ አንዲት ቁርስ ቤት አላት። ሦስት ጠረጴዛና ወደ መንገዱ የምታይ አንዲት መስኮት ያላት ጠባብ ክፍል ናት። እናቴ በድርቁ ዘመን ከወሎ ታዝላ ወለጋ የገባች የሰፋሪ ልጅ ናት። አባቴ ከሞተ በኋላ ከሲሬ ወደ ነቀምቴ መጥታ ይህችን ቤት በገንፎና በጨጨብሳ አቆመቻት። ከእኔና ከዚህች ቤት በቀር ሌላ ነገር የላትም።

እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን አቋርጬ ከጓዳ ሆኜ እረዳት ነበር። ሳህን አጥባለሁ፤ ለጨጨብሳው ቂጣ እቆራርሳለሁ። ሰው ፊት መውጣት ያስፈራኛል። አንድ ሰው ትኩር ብሎ ካየኝ የማውቀውንም እረሳለሁ። ከጓዳ ደስ ብሎኝ የምወጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንግዶችን ለማስታጠብ። በእኛ ቤት ሽማግሌ በልቶ ለመነሳትም ሆነ ለመብላት ሲቀመጥ ራሱ ውሃ ፍለጋ አይሄድም። ልጅ ማንቆርቆሪያና ማስታጠቢያ ይዞ ይቀርባል፤ ጎንበስ ብሎ ያፈሳል። በዚህ ነገር የወሎም የወለጋም ሽማግሌ አንድ ነው። ስታስታጥቡ ደግሞ ዓይን ለዓይን መተያየት የለም። ዓይናችሁ ያለው እጅ ላይ ነው። ስለዚህ እኔ ደንበኞቻችንን የማውቃቸው በእጃቸው ነበር። የአንዱ አውራ ጣት በመዶሻ ተመትቶ ጥፍሩ ጠቁሯል፤ የሌላው መዳፍ እንደ ቄጤማ ለስላሳ ነው። ከመንገዱ ማዶ ቀርከሃ እየሰነጠቁ ቅርጫት የሚሠሩት ሽማግሌ እጅ በቢላዋ ተቆራርጦ ተቆራርጦ የዛፍ ልጥ መስሏል። ስድስት ዓመት ሙሉ እጃቸውን አስታጥቤያለሁ። ፊታቸውን ግን መንገድ ላይ ባገኘው አውቀው እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ስልክ ስንደውል እንኳ ሰውዬው ከማንሳቱ በፊት ስለ እጅ መታጠብ የሚናገር ድምፅ ይቀድመን ጀመር። አንድ ጠዋት የቀበሌያችን የጤና ሠራተኛ ከሁለት ሰዎች ጋር በየትንንሹ ቤት ዞረች። ለሻይ ቤቱ፣ ለጫማ ጠጋኙ፣ ለጎረቤታችን ልብስ ሰፊ፣ ለእኛም፣ ለእያንዳንዳችን ቧንቧ የተገጠመለት ቢጫ ጀሪካንና ሳሙና ሰጠችን። ትንንሽ ቤቶች እንዳይዘጉ የተሰጠ እርዳታ ነው አለች። ከዚያ ሕጉን ነገረችን። ጀሪካኑ ደጅ ይቀመጥ፤ ሰው ሳይታጠብ አይግባ፤ በአንድ ጠረጴዛ ከሁለት ሰው በላይ አይቀመጥ፤ በሰውና በሰው መካከል ሁለት የአዋቂ እርምጃ ይኑር። እናቴ ስትናገር ደረቷ ሲያፏጭ ሰማችና ዞር አለች።

"አስም አለብዎት?"

"ትንሽ ያፍነኛል" አለች እናቴ።

"እንግዲያው እርስዎ ከቤት አይወጡም። ይሄ በሽታ የሚፈልገው እንዲህ ያለ ደረት ነው።"

እናቴ ከመቀነቷ ቁልፉን ፈታች። ለእኔ ስትሰጠኝ እጇ ቁልፉን ቶሎ አልለቀቀውም።

በማግስቱ መጀመሪያ የመጡት የቀርከሃው ሽማግሌ ነበሩ። በርጩማ ላይ የተቀመጠውን ቢጫ ጀሪካን አይተው ቆሙ።

"አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ? እናትሽስ?" አሉ፤ ሰላም ሲሉኝ ሁልጊዜ "ልጄ" ይሉኛል።

"ቤት ናት፣ አካኮ" አልኳቸው፤ አያቴ ማለቴ ነው።

"የሚያስታጥብ ሰው ጠፋ?"

በጣቴ ጀሪካኑን አሳየኋቸው። ሽማግሌው አዩት። ደግመው አዩት።

"እኔ ከመቼ ወዲህ ነው እንደ በሬ ወደ ገንዳ ጎንበስ የምለው?" አሉና ተመልሰው ሄዱ።

ከእሳቸው በኋላ የመጡት ሁለት ሽማግሌዎችም እንደዚያው። አንዱ "ይሄ ቤት ሰው የለውም እንዴ?" ብለው አልፈው ሄዱ። የሚያስታጥብ የሌለበት ቤት መባል ለእኛ ስድብ ነው። ያን ቀን ገንፎው ተርፎ ለጎረቤት ሰጠሁት። ሁለተኛውም ቀን እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ቀን አላስቻለኝም። ማንቆርቆሪያዬን ይዤ ደጅ ወጣሁና የቀርከሃውን ሽማግሌ እንደ ድሮው ጎንበስ ብዬ አስታጠብኳቸው። ክልክሉ መነካካት ነው፣ እኔ ደግሞ አልነካኋቸውም፣ የሚነካቸው ውሃው ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩት። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ተመለሱ። ቤቱ ሞቀ። ማታ ለእናቴ "ሁሉም መጥተዋል" ስላት ፊቷ ይበራ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ የጤና ሠራተኛዋ በድንገት መጣች። እኔ የሽማግሌው እጅ ላይ እያፈሰስኩ ነበር። በግንባሬና በአገጫቸው መካከል አንድ ስንዝር እንኳ አልነበረም።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

ማንቆርቆሪያውን ቀና አደረግኩት።

"እያስታጠበችኝ ነዋ!" አሉ ሽማግሌው። "ምን ታድርግ ኖሯል?"

"አባባ፣ ጀሪካን የሰጠነው ለምን ይመስልዎታል?"

"ጀሪካን ልጅ አይደለም። እኔ ሰው ደጅ ሄጄ ብቻዬን ታጥቤ አላውቅም።"

"እናቷ አስም አለባት" አለች የጤና ሠራተኛዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ዛሬ ከእርስዎ ትንፋሽ ብትይዝ፣ ማታ ለእናቷ ይዛላት ትገባለች።"

ሽማግሌው እርጥብ እጃቸውን ይዘው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። እኔም ያንን አላሰብኩትም ነበር። ማንቆርቆሪያው በእጄ ላይ ከበደኝ።

"እስክታስተካክሉ ቤቱ ዝግ ነው" አለች። "ሁለተኛ እንዲህ ሆናችሁ ካገኘሁ ፈቃዱን ትመልሳላችሁ።"

"ማሎ፣ እባክሽ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ ሽማግሌው።

"የሁላችሁም ነው" አለችና ሄደች።

ማንቆርቆሪያውን ይዤ ቤት ስገባ እናቴ ሳልነግራት ገባት።

"ተዘጋ?"

አዎ በሚል ራሴን ነቀነቅሁ።

"ምን አጥፍተሽ?"

"አስታጠብኩ።"

ማንቆርቆሪያውን አየችና ሳቀች። እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። "ልጄን አስታጠበች ብለው ዘጉባት! ሽማግሌ ሳታስታጥቢ ብታበዪ ኖሮ እኔ ራሴ መጥቼ እዘጋብሽ ነበር።" ከዚያ ሳቋ ቆመ። "ግን ያቺ ቤት..." አለችና አልጨረሰችውም። ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። እኔ በዚያ ቀን ደጋግሜ አሰብኩበት። ካስታጠብኩ ፈቃዱ ይሄዳል፣ እናቴም ትታመማለች። ካላስታጠብኩ ሽማግሌዎቹ አይመጡም፤ ያለ እነሱ ቤቱ አይቆምም። በየትኛውም በኩል ብሄድ የእናቴ ቤት የሚዘጋ መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ደጃችን ላይ ቆማ ጠራችኝ። "ነዪ እስቲ፣ ሽማግሌው ይፈልጉሻል።"

ስደርስ ሽማግሌው ከቁርስ ቤታችን ደጅ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ወፍራም ቀርከሃ ተጋድሟል። ለሁለት ሰንጥቀው፣ በየአንጓው ያለውን ግድግዳ ጠርበው አውጥተው፣ ውስጡን እንደ ብርጭቆ አለስልሰውታል።

"ሁለት የአዋቂ እርምጃ ስንት ሜትር ነው?" ልብስ ሰፊዋን ጠየቋት።

"እኔ ልብስ እንጂ እርምጃ ለክቼ አላውቅም" አለችና ከመስኮታችን ሥር ተነስታ ሁለት ጊዜ ተራመደች።

"ይሄ የዶሮ እርምጃ ነው። የተባለው የአዋቂ ነው፣ አዴ።"

"የአራት ልጅ እናት ነኝ፤ እኔ አዋቂ አይደለሁም እንዴ?"

ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱና ሁለት ጊዜ ተራመዱ። ከቀርከሃው ጫፍ አልፈው ሄዱ።

"የእርስዎ ደግሞ የግመል ነው!" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"የግመሉ ይሁን" አሉ። "ዶሮዋን ብናምን ያቺ የጤና ልጅ መጥታ ትዘጋብናለች።"

ያኔ ነው ያሰቡት ነገር የገባኝ። እኔ በመስኮቱ ውስጥ ቆሜ አፈሳለሁ፤ ውሃው በቀርከሃው ይሄዳል፤ እሳቸው ማዶ ሆነው ይቀበሉታል። ስለ ራሱ ሳይሆን ስለሚያስታጥበው ሰው ተጨንቆ ይህን ያህል ያሰበ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

የግመሉን እርምጃ ለመሙላት ሁለተኛ ቀርከሃ ተቀጠለ። ጫማ ጠጋኙ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የወጣ ላስቲክ ቆርጦ አመጣና መጋጠሚያውን ጠፍሮ አሰረው። የሻይ ቤቱ ባለቤት ከጓሮው ሦስት የባሕር ዛፍ ባላ ነቅሎ አመጣ። ያ ሰው ራሱ ደንበኛ አጥቶ በሩን ገርበብ አድርጎ የሚውል ነበር። ልብስ ሰፊዋ በርሜላችንን ከራሷ ቧንቧ ሞላችው። ማንም ማንንም አላዘዘም። እኔ ደቦ ለእርሻና ለቤት ሥራ ሲወጣ አውቃለሁ። ለቁርስ ቤት ሲወጣ ግን ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ገለቶሚ ብዬ ላመሰግን ፈልጌ አፌ እምቢ ስላለኝ ለሁሉም ውሃ ሳመላልስ ዋልኩ።

"ዝም በያቸው" አሉኝ ሽማግሌው፣ የቆምኩበትን ሳያዩ። "ያስዘጋንብሽ እኛ ነን። የዘጋ ሰው ይክፈት።"

በማግስቱ ጠዋት የጤና ሠራተኛዋን ጠርተዋት መጣች። መንደሩ ሁሉ ማስኩን አድርጎ፣ ተራርቆ፣ በመንገዱ ዳርና ዳር ቆሟል። እኔ በመስኮቱ ውስጥ ነኝ። ሽማግሌው ማዶ፣ ከቀርከሃው ጫፍ ላይ፣ ሁለት እጃቸውን አጣምረው ዘርግተው ይጠብቃሉ።

አፈሰስኩ።

ውሃው መጀመሪያ ቀርከሃው ላይ እንደ መፍራት ብሎ ተሰበሰበ። ከዚያ መንገዱን አገኘና ሄደ። የጠዋት ፀሐይ ላዩ ላይ አብራው ሄደች። የመጀመሪያውን ባላ አለፈ፤ ላስቲኩን አለፈ፤ አንድ ጠብታ እንኳ አላንጠባጠበም። እኔ ከወዲህ ማንቆርቆሪያውን ዘንበል አድርጌ ይዤ ዓይኔን አስከተልኩት። ውሃው ጫፉ ላይ ሲደርስ ዓይኔም አብሮት ደረሰ፤ ከእጃቸውም አልፎ ወደ ላይ ወጣ። የሽማግሌውን ፊት አየሁት። ማስካቸው አገጫቸው ሥር ወርዷል። ግራ ዓይናቸው ብሌን ዙሪያ ሰማያዊ ቀለበት አለበት። ጉንጫቸው ላይ የልጅነት ጠባሳ አለ። ስድስት ዓመት ከአንድ ስንዝር ያላየሁትን ሰው ከሁለት የግመል እርምጃ አየሁት። የት እንደሆንኩ ጠፋኝ። ማንቆርቆሪያው ባዶ ሆኖ እንኳ ዘንበል አድርጌ እንደያዝኩት ነበር።

"ጉዳዹ!" አሉ ሽማግሌው እጃቸውን እያራገፉ። "እደጊ! ሥር ስደጂ!"

የጤና ሠራተኛዋ ከመስኮቱ ሥር ተነስታ እየቆጠረች ሄደች። በእሷ እርምጃ ሦስት ተኩል ሆነ። እንደገና ተመልሳ ቆጠረች።

"ማነው ያሰበው?"

ሰው ሁሉ ወደ ሽማግሌው ጠቆመ።

"እኔ ቀርከሃ ነው የሰነጠቅሁት" አሉ። "ማስታጠብ አልተውም ያለችው እሷ ናት።"

ያኔ የሁሉም ዓይን እኔ ላይ አረፈ። የጤና ሠራተኛዋ ከማዶ ሆና ጠየቀችኝ። "ቀርበሽ አታስታጥቢም? ሰው ሲለምንሽም?"

ከሦስት እርምጃ ተኩል ለሚጠይቅ ሰው ራስ ነቅንቆ መመለስ አይቻልም። ማስክ ደግሞ ድምፅን ይውጣል።

"አላስታጥብም!" ብዬ ጮህኩ። የገዛ ጆሮዬን አስደነገጥኩት። "በዚህ ብቻ ነው የማስታጥበው! እናቴ አለችብኝ!"

ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ እጆቿን ከቀርከሃው ጫፍ ሥር ዘረጋች። "እስቲ እኔንም" አለች።

ለእሷም አፈሰስኩላት። ሳሙናውን አሽታ አሽታ ታጠበችና፣ "ክፈቱ" አለች። "ደጁ ላይ ብሉ፤ ውስጥ አትጨናነቁ።"

ከዚያ ቀን በኋላ አይተውን የማያውቁ ሰዎች ሁሉ መምጣት ጀመሩ። ከበከኒሳ ቀሴ ሰፈር ድረስ በእግር የመጡ፣ ቁርስ ቤት ያላቸው ሁለት ሴቶች ቀርከሃውን እየዳሰሱ ለእነሱም እንዲሠሩላቸው ሽማግሌውን አዘዙ። አንዳንዱ ደንበኛ ከበላ በኋላም፣ ከመብላቱ በፊትም፣ ሳይበላም ይታጠብ ነበር። የሻይ ቤቱ ባለቤት "ሰዎች፣ ውሃው ነው ወይስ ገንፎው የሚሸጠው?" እያለ ይቀልዳል፤ የታጠበውን ሰው ግን ወደ እሱ ሻይ ይጠራዋል። እኔም በየቀኑ ከመስኮቱ ሆኜ ለስንት ዓመት በእጅ ብቻ የማውቃቸውን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ አገኘሁት። ጥፍሩ የጠቆረው ሰውዬ እንደዚያ የሚያምር ቅንድብ እንዳለው ማን ያውቅ ነበር!

አንድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ በየበርጩማቸው ተራርቀው እየበሉ ሳለ፣ አንዲት ሴት ነጠላዋን ከማስኳ በላይ ሸፍና በዝግታ መጣች። በየሁለት የመብራት ምሰሶው እየቆመች ትንፋሽ ትወስዳለች። ከቀርከሃው ጫፍ ደርሳ እጆቿን ስትዘረጋ ነው ያወቅኳት፤ እናቴ ናት። የጤና ሠራተኛዋን አስፈቅዳ፣ ከሰው ርቃ ደጅ ላይ ብቻ ቆማ ልትመለስ ነው የመጣችው። እናቴን ከዚያ ርቀት፣ መላ አካሏን፣ ከጫማዋ እስከ ነጠላዋ አይቻት አላውቅም ነበር። ትንሽ ሴት ናት። ያን ሁሉ ዓመት ትልቅ ትመስለኝ ነበር።

አፈሰስኩላት። ውሃው እስኪደርስ ቀርከሃውን በዓይኗ ስትከተለው ቆየች። ሲደርሳት ሳትታጠብ ቀረች፤ መዳፏ ውስጥ ሞልቶ እስኪፈስ ዝም ብላ አየችው። ሁለተኛ አፈሰስኩላት። ያኔ ታጠበች።

"ቤቶች!" አለች እንደ እንግዳ ድምፅዋን ቀጥ አድርጋ። "ምን አለ?"

"ገንፎ አለ! ጨጨብሳ አለ!" አልኩ ከመስኮቱ።

"ገንፎውን ማን ሠራው?"

"እኔ።"

"አምጪው እስቲ። ጨው ከበዛበት ግን እመልሰዋለሁ።"

"ኢንተላ ኮ" አሉ የቀርከሃው ሽማግሌ ከወዲያ በርጩማ፣ "ይቺን ደንበኛ ተጠንቀቂያት።"

ገንፎውን አምጥቼ ከፊቷ በርጩማ ላይ አኖርኩና ወደ ኋላዬ ተመለስኩ። ሽማግሌዎቹ ማንኪያቸውን አቆሙ። እናቴ ማስኳን ዝቅ አድርጋ አንድ ጊዜ ቀመሰች። ከዚያ ሁለተኛ። ቀና ያለችው ሳህኑ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው።