ሁሉም አንደኛ የሆነበት ሰርግ

አባቴ «እንግዳ ከምግቡ በፊት በመቀመጫው ይጠግባል» ይል ነበር።

በጃንሆይ ጊዜ ልጄን ዲላ ላይ ስድር፣ ሙሽራው የአዲስ አበባ ወግ አይቶ ኖሮ በየጠረጴዛው ቁጥር ይቀመጥ አለ። እኔም ቀርከሃ ሰንጥቄ በኖራ ጻፍኩ። ከኮንጋ የመጡትን አጎቴን ወደ ሰባት ቁጥር ቢመሯቸው አልቀመጥም አሉ።

«እኔ ሰባተኛ ነኝ? እንግዲያው አንደኛው ይመርቅላችሁ» ብለው ከዘራቸውን አነሡ።

ልጄ ያለ እሳቸው ምርቃት ከቤቴ ልትወጣ ነው ብዬ ደነገጥኩ። በልቤ ጸለይኩና ቁጥሮቹን ጠርጌ ሁሉም ላይ አንድ ጻፍኩ። አጎቴ ረክተው ተቀመጡ፤ ልጄንም መረቁ።

ከጎናቸው የማላውቀው ሰው ሲበላ አየሁና «ወንድሜ፣ በማን በኩል ነህ?» አልኩት። እሱም እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ የተጠራሁት እታች ሰፈር ሰርግ ነበር፤ እዚያ ዘጠነኛ ቢያደርጉኝ ትቼ መጣሁ።»